ያልተረጩት መስመሮች

ጥቅምት 12

ለውድ ጋሼ፣

መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ለምን ይቆለፍበታል? ይህን የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ማሳው በትል ተበልቶበት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ አልቀረም። እኔም እዚህ ላቦራቶሪ በተቀጠርኩ ሰሞን አለቃዬን ጠይቄያቸው፣ "ትደርሺበታለሽ" ብለው አለፉኝ።

ከሁሉ በፊት ግን ጤናዎ እንዴት ነው? የእትዬ ጉልበትስ ተሻላቸው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሳልጽፍ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ውሸት ይሆናል። የጠየቁኝን ማድረግ አልችልም፤ ላሳደገኝ አጎቴ "አልችልም" ብዬ መጻፍ ደግሞ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ይቅር ይበሉኝ።

"አንድ ጠርሙስ ብቻ ደብዳቤያችንን በሚያመላልሰው ሹፌር ላኪልኝ፣ ማን ያያል?" ብለዋል። ጋሼ፣ ያ ጠርሙስ ስም እንኳ የለውም። "አርባ አንድ" ነው የምንለው፤ ከእሱ በፊት አርባ ተሞክረው ወድቀዋል። የተቀመጠበት ቁም ሣጥን ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ አለቃዬ ጋ፣ ሌላው መዝገብ ቤት ጋ። ሁለቱ የተኳረፉ ቀን ሥራ የለም።

እዚህ በመስታወት ቤታችን ውስጥ ያን የቲማቲም ትል፣ ቅጠሉን ከውስጥ እየሰረሰረ የሚነድልብዎትን፣ ድራሹን ሲያጠፋው በዓይኔ አይቻለሁ። ትሉን እንደሚገድል እናውቃለን፤ ሌላ ማንን እንደሚጎዳ ግን ገና አናውቅም። ንቧን ይሆን? የሚረጨውን ሰው? ፍሬው ውስጥ ገብቶስ እስከ መቼ ይቆያል? ለዚህ ነው ከግቢ እንዲወጣ የሙከራ ፈቃድ የሚያስፈልገው።

ፈቃዱን የሚሰጡት ሴትዮ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ መስኮቱ ከጎረቤት ሕንጻ ግድግዳ ጋር የተፋጠጠ ክፍል። ሰዉ ሁሉ "ወይዘሮ ቆይ" ይላቸዋል፤ ምን ቢሏቸው መልሳቸው "ቆይ" ነውና። ማመልከቻችንን ሦስቴ መለሱት። መጀመሪያ "ቆይ፣ ከማሳው እስከ ውኃው ምን ያህል ይርቃል?" ቀጥሎ "ቆይ፣ ባዶው ጠርሙስ የት ይሄዳል?" ትናንት ደግሞ፣ ይስሙኝ፣ "ቆይ፣ የረጪውን ልብስ ማን ነው የሚያጥበው?" ይህን ሁሉ ዓመት ኬሚስትሪ ተምሬ ስለ ልብስ አጠባ ልመርመር! ከበሩ ስወጣ ተሳድቤያለሁ፤ በሆዴ።

አሁን ይቆጡኛል። ይቆጡ፣ ግን ይጻፉልኝ።

የምትወድዎ ልጅዎ


ጥቅምት 27

ለምሁሯ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው ቲማቲሙ ብቻ ነው። አልተቆጣሁም። ማለቴ ተቆጥቼ ነበር፤ እትዬሽ ደብዳቤሽን ደጋግማ አንብባ "አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን አስተምረህ ስታበቃ ሌባ ልታደርጋት ነው እንዴ?" ስትለኝ ንዴቴ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ጋ ደግሞ ንዴት አይበረክትም።

ስለ ጎረቤታችን ስለ ሽንኩርት ተካዩ በሹፌሩ ጠይቀሻል። ይሻለዋል። ገበያ ላይ በፌስታል የሚቸረቸር የተባይ ዱቄት ገዝቶ ነበር፤ ሻጩ ስሙን አያውቀው፣ እሱም አልጠየቀው። በጥብጦ አፉን እንኳ ሳይሸፍን ረጨው። ከዚህ በላይ በወረቀት አልጽፍልሽም። ስትመጪ ታዪዋለሽ፤ ስታዪው ስለ ዓይኑ አትጠይቂው። ልብሱን ያጠበችለት ሚስቱም እስካሁን እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ነው የምትውለው። እና ያቺ ሴትዮሽ ስለ ልብስ አጠባ የጠየቁት ነገር እኔን አላሳቀኝም።

ስለዚህ ጠርሙሱን ተዪውና ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ሙከራውን የሆነ ቦታ ማድረጋችሁ አይቀርም። ለምን እኔ ማሳ ላይ አይሆንም? ትል እንደሆነ ሞልቶልኛል። በዚህ አገር ሰው "ባለገመዱ" ነው የሚለኝ፤ በገመድ ሳልለካ የተከልኩት መስመር የለም። መንገደኛ ቆሞ ነው ማሳዬን የሚያየው። ለሳይንስ የሚሆነው እንዲህ ያለው አይደለም እንዴ?

ሴትዮዋን ጠይቂልኝ። ቆይ ካሉኝም እቆያለሁ።

ጋሼሽ


ኅዳር 19

ለውድ ጋሼ፣

ተፈቀደ! ከደስታዬ ብዛት ብዕሩ ከእጄ እያመለጠ ነው።

ለምን እኔው ራሴ መድኃኒቱን ይዤ እንደማልመጣ በሹፌሩ ጠይቀውኛል። የማሳዎን ካርታ ይዤ ስገባ ወይዘሮ ቆይ መነጽራቸውን አጥልቀው አዩትና "ቆይ፣ ባለማሳው ምንሽ ናቸው?" አሉኝ። "አጎቴ" አልኩ። እርሳሳቸውን አስቀመጡ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። ለካ ዝምድና እኔን እንጂ ማሳውን አይከለክልም። የሚረጨውም፣ ትሉን የሚቆጥረውም ፈቃድ ያለው ሰው ከሌላ ጣቢያ ይመጣል፤ እኔ ሙከራው እስኪያልቅ ድንበርዎ ላይ እግሬን አላሳርፍም። ከናፍቆት ሌላ ምንም አልላክሁም ማለት ነው።

የታችኛው ማሳ ለምንጩ ቅርብ ስለሆነ አልፈቀዱትም፤ የመንገድ ዳሩ ይሁን ብለዋል። ንብ ያላቸው ጎረቤቶች ከርጭቱ በፊት ይነገራቸዋል፣ ማሳው ላይም ምልክት ይተከላል። አሁን ደግሞ የሚከብደው፦ ቲማቲሙ ሲደርስ አንድም ፍሬ አይሸጥም፣ አይበላም። ይቀበራል። ይኸው ወንበርዎን ገፍተው ሲነሡ ታየኝ! ላቦራቶሪው ካሳ ይከፍላል፤ ካሳ ግን እንደ ቲማቲም ቀልቶ እንደማይታይ አላጣሁትም።

ሌላው አደራ ይህ ነው። ከመስመሮቹ ግማሾቹ አይረጩም። አርባ አንድ ማሳ አዳነ ለማለት ካልታከመው ጎን ቆሞ መታየት አለበት። ባልተረጩት ላይ ምንም ዓይነት መድኃኒት እንዳያርፍባቸው፤ የጎረቤትም ቢሆን፣ የገበያም ቢሆን።

ወይዘሮ ቆይን የሰደብኩትን ደግሞ ውጬዋለሁ። ስለ ሽንኩርት ተካዩ ሚስት እጅ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁና፣ "እዚህ ፈቃድ ላይ ያለ እያንዳንዱ አንቀጽ ከኋላው ሰው አለ" አሉኝ። "የልብስ አጠባው አንዲት እናት ናት። የባዶ ጠርሙሱ፣ ውኃ የቀዳበት ቤተሰብ ነው። ከራሴ አፍልቄ የጻፍኩት የለም።" ጋሼ፣ ያን ወረቀት ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ማንበብ አቃተኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማርኩት መድኃኒት መሥራት ነው፤ እሳቸው የሚያውቁት መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ሰው ነው።

እንደተተከለ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ጥር 6

ለልጄ፣

ስለ ርጭቱ ጠይቀሻል። ሰውዬው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጀቡኖ፣ ጭምብሉን አጥልቆ ሲወጣ እትዬሽ "ይህ ሰው ቲማቲም ሊረጭ ነው ወይስ ባሕር ሊጠልቅ?" አለች። እንጨት ላይ ሪባን አሰረና ነፋሱ እስኪተኛ ረፋዱን ሙሉ ሪባኑን ሲያይ ዋለ። ከሴትዮሽ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ሳይማሩ አልቀሩም። ሲጨርስ ልብሱን በላስቲክ አሽጎ ይዞት ሄደ፤ እትዬሽ ላጥብልህ ብትለው እንደ እባብ ነው የሸሻት። ሥራውን የሚያከብር ሰው ደስ ይለኛል።

የተከሉብኝ ምልክት ግን ጉድ አደረገኝ። በቀይ ቀለም "አደጋ፤ የሙከራ ማሳ" ይላል። ከዚያ ወዲህ መንገደኛው ሁሉ ቀልደኛ ሆነ። "ባለገመዱ፣ ማሳህ ምን አጥፍቶ ታሰረ?" ይለኛል አንዱ። ሌላው ደግሞ "ልጅህ የተማረችው አንተን ልትሞክርብህ ነው?" ይላል።

እነዚያ የማይረጩት መስመሮች ደግሞ ዕጣቸው ወጥቶ አብዛኞቹ መንገዱ ዳር ወደቁ። ትሉ ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ነጭ ጥምዝምዝ መንገዱን ቅጠሌ ላይ መቅደድ ጀመረ። ሰው ቆሞ ያያል። የሚያየው የተረጨውን አይደለም፤ መንገድ ዳር ያለውን ነው። ደሜ ፈላ።

አንቺ ግን አታስቢ። አንዲት ጠብታ መድኃኒት አላስነካሁም፤ ቃሌ ቃል ነው። አላሳፍርሽም። እትዬሽ ጎህ ሳይቀድ ስለመነሣቴ ጽፋልሽ ከሆነም አትስሚያት፤ በዕድሜ የተነሣ እንቅልፍ ቀንሶብኝ ነው።

ጋሼሽ


የካቲት 14

ለውድ ጋሼ፣

ምነው ጠፋሽ ብለዋል። ልጽፍ እየተነሣሁ እተወው ነበር።

ቆጠራው መጣ። በተረጩት መስመሮች ትል የበሳው ፍሬ የለም ማለት ይቻላል። ባልተረጩትም የለም። ያው ናቸው ጋሼ። አለቃዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ "ያልታከመውም ካልታመመ ምን አዳንን ልንል ነው?" አሉ። እንግዲህ አርባ አንድ ማሳ ላይ ሲወጣ ከውኃ አይሻልም ማለት ነው። መዝገቡ ይዘጋና አርባ ሁለት ይጀመራል። ከእኔ በፊት ጀምረው ከለፉበት ሁለት ባልደረቦቼ አንዷ መነጽሯን ስታጸዳ፣ ስታጸዳ፣ ስታጸዳ ቆየች።

እርስዎን ደግሞ የሰፈር መቀለጃ አድርጌ ለባዶ ነገር ዳረግሁዎት። በምን አፌ ይቅርታ እንደምጠይቅ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ርጭቱን ነፋስ ወደዚያኛው ወስዶት ይሆን? ጎረቤት ረጭቶ ይሆን? ስለ ማሳው ያልጻፉልኝ ነገር አለ?

ልጅዎ


የካቲት 20

ለልጄ፣

"የለም" ብዬ ልጽፍ ወረቀት አወጣሁ። እትዬሽ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ጋ ቆማ ነበር።

አለ።

በየማለዳው መንገደኛ ሳይጀምር እወርድ ነበር። ያልተረጩት መስመሮች ላይ ነጭ መንገድ ያለበትን ቅጠል እየቀነጠስኩ፣ ትሉን ከነቅጠሉ በጆንያ እየሰበሰብኩ አቃጥል ነበር። ከርጭቱ ማግሥት እስከ ቆጠራው ድረስ። ቆጣሪውም አልጠረጠረም፤ ቲማቲም የሚተክል ሰው ሁሉ ቅጠል ያሳሳል። አንቺ መድኃኒት አታስነካ አልሽኝ፣ አላስነካሁም። እጄ መድኃኒት ነው ብዬ አላሰብኩም። ማሳዬ ሲበላ ቁጭ ብዬ ማየት፣ እሱም መንገድ ዳር፣ አልሆነልኝም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ማሳው ሲያምር አንቺም የምትኮሪብኝ መስሎኝ ነበር።

ደብዳቤሽን ሳነብ ነው የገባኝ። ለካ ፈተና ላይ ሰነፉን ተማሪ እያስኮረጅኩ ጎበዙን ኖሯል ያሳጣሁት።

ለሴትዮዋ ንገሪያቸው። ለራሳቸውም በእጄ ጽፌ በዚሁ ፖስታ ከትቻለሁ። የፈለጉትን ይበሉኝ፤ አንቺን ግን አይንኩ።

ጋሼሽ


የካቲት 27

ለውድ ጋሼ፣

ይህን በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ሹፌሩ ሞተር አስነሥቶ ይጠብቀኛል።

አልተቀየምኩዎትም። ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ሮጥኩ። በእጅም እንዳይለቅሙ ማለትን የረሳሁት እኔ ነኝ።

ወይዘሮ ቆይ ሁለቱንም ወረቀት አንብበው "ቆይ" አሉ። "መድኃኒቱ ወደቀ። አሁን የላቦራቶሪው ልጅ አጎት ተነሥተው፣ መድኃኒቱ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ይላሉ። እኔ ወንበር ላይ ብትሆኚ ታምኛቸዋለሽ?" "አላምናቸውም" አልኩ። "ጥሩ" ብለው ቦርሳቸውን አነሡ።

ራሳቸው ሊመጡ ነው። ምን እንደሚያዩ አልነገሩኝም። እባክዎ አንድ ቅጠል እንዳይነኩ፣ ምንም እንዳያስተካክሉ። ካላመኑን ፈቃዱ ይሰረዛል፤ አርባ አንድም አብሮት ይቀበራል። ስለ እኔ ሌላ ጊዜ።

ሁሉንም ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


መጋቢት 11

ለልጄ፣

ስለ ሴትዮዋ ሁሉንም ይጻፉልኝ ብለሻል፤ ይኸው።

ግዙፍ ሴት ነበር የጠበቅሁት። አጭር ናቸው፤ ከቦርሳቸው ትንሽ ነው የሚበልጡት። ሻይ አልጠጣም አሉ፤ ሊመረምሩት ከመጡት ሰው ቤት ምንም አይቀምሱም። እትዬሽ ተቀየመች። ከሄዱ በኋላ ግን "እንዲህ ያለ ሰው ነው ወንበር ላይ የሚያምረው" አለች።

ማሳው ላይ ፍሬውን ያያሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አላዩትም። መሬት ላይ ተንበርክከው ግንዱን መዳበስ ጀመሩ። ታውቂያለሽ፣ የተቀነጠሰ ቅጠል ግንዱ ላይ ጠባሳ ይተዋል። በተረጩት መስመሮች ጠባሳው አልፎ አልፎ ነው፤ ባልተረጩት ግን እንደ መሰላል ተደርድሯል። "ይኸው!" አልኩ እኔ፣ ልጅ ሆኜ። "ቆይ" አሉኝ። "ትናንት ቀንጥሰውት እንደሆነስ?"

ጣቴን ከግንዱ ላይ አነሣሁ።

እሳቸው ግን ከታች ጀምረው በጥፍራቸው ነካ ነካ እያደረጉ ወደ ላይ ወጡ። የታችኛው ጠባሳ ደርቆ ቡናማ ሆኗል፣ ቆዳ አውጥቷል። ከፍ ሲል ገርጥቷል። ጫፉ አካባቢ ያለው ከሁሉ ለጋ ነው። ተክሉ ባደገ ቁጥር እጄም አብሮት ወደ ላይ መውጣቱን ግንዱ ራሱ ይናገራል። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው በጉልበታቸው እየሄዱ መስመሩን እስከ ዳር ጨረሱት። ከዚያ አፈሩን እያራገፉ ተነሡና፣ "ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ጎበዝ ቀንጣሽ ነዎት" አሉኝ። ሙገሳ ይሁን ወቀሳ እስካሁን አልለየሁትም።

ቲማቲሙን ቀበርን። እንዲህ ያለ ፍሬ በዘመኔ ወጥቶልኝ አያውቅም፤ ቀዩ ዓይን ይወጋል። "አንድ ሣጥን ብትሰጠኝ ምን አለ?" ያለኝ መንገደኛ አለ፤ "አብደሃል" ያለኝም አለ። ሴትዮዋ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ፍሬውን አንድ በአንድ አስከተቱኝ። ክንዴ ሲዝል ሽንኩርት ተካዩ መንገዱን ተሻግሮ መጣና አካፋውን ተቀበለኝ። አፈሩን እሱ ነው የመለሰው። ከዚያ በኋላ የቀለደ ሰው አልነበረም።

ምን እንደወሰኑ አልነገሩኝም። አንቺ ንገሪኝ።

ጋሼሽ


መጋቢት 24

ለውድ ጋሼ፣

ውሳኔው ዛሬ ወጣ፤ ከማንም በፊት ለእርስዎ ነው የምጽፈው።

አመኑዎት። የዚህ ወቅት ቆጠራ ተሰርዟል፤ አርባ አንድ አላለፈም፣ ግን አልወደቀም። መዝገቡ አይዘጋም። አለቃዬ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተንጋልለው "አጎትሽ ጉደኛ ሰው ናቸው" አሉ፤ ባልደረባዬ ደግሞ በዚያ ባጸዳችው መነጽሯ ውስጥ አቅፋ የሳመችኝ ያህል አየችኝ።

ለሚመጣው የተከላ ወቅት አዲስ ፈቃድ ተዘጋጅቷል። አንድ አንቀጽ ተጨምሮበታል፦ ባልተረጩት መስመሮች ላይ ትልን በእጅ መልቀምም ሆነ የተጎዳ ቅጠል መቀንጠስ ክልክል ነው። ወይዘሮ ቆይ ራሳቸው ናቸው የጻፉት። "ገበሬ ማሳው ሲበላ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ይህን ሳላስብ የፈረምኩት እኔ ነኝ" አሉ። ከእንግዲህ በየትም ማሳ፣ ማንም ሙከራ ሲያደርግ ያ አንቀጽ አብሮ ይሄዳል። ከኋላው ማን እንዳለ እኔ አውቃለሁ።

ማሳው የት ይሁን ሲባል አለቃዬ ሌላ ቦታ እንፈልግ ብለው ነበር። እኔ ዘመድ ስለሆንኩ ዝም አልኩ። ወይዘሮ ቆይ ናቸው የመለሱላቸው። "የማይሳሳት ባለማሳ አላውቅም" አሉ። "ተሳስቶ፣ ማንም ሳይደርስበት፣ በገዛ እጁ የሚጽፍልኝ ግን በሥራ ዘመኔ ያገኘሁት አንድ ነው። እሳቸው እምቢ ካሉ ነው ሌላ የምንፈልገው።" እንደዚያች ሰዓት ኮርቼ አላውቅም፤ በእርስዎም፣ በእሳቸውም።

ስለዚህ ፈቃዱ ፊርማዎን ይጠብቃል፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ግን ሳይፈርሙ ያስቡበት። ዘንድሮ ያማረ ቲማቲም ቀብረዋል፤ የሚመጣው ከዚያ ይብሳል። በገመድ ለክተው የተከሉትን መስመር፣ መንገድ ዳር፣ ሰው ቆሞ እያየዎት፣ ትል ሲጨርሰው ዝም ብሎ ማየት ነው። ላቦራቶሪው ለዚህ የሚከፍለው ካሳ የለውም። አይሆንልኝም ቢሉ በእኔ ዘንድ ከቁመትዎ አንድ ስንዝር አይጎድልም።

እሺም ይሁን እምቢ፣ አንድ ቃል ይበቃኛል። እሺ ካሉ ግን አንድ ነገር ጨምረው ይጻፉልኝ፤ በየማለዳው እጅዎን ምን ላይ እንደሚያሳርፉት።

ልጅዎ